በ10 ሜትርና በ30 ሜትር መካከል፦ የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1

ይህን ሥራ የጀመርኩት በአንድ ቁጥር ምክንያት ነው። በማሠለጥነው የእግር ጉዞ ቡድን ውስጥ ያሉ 23 ሰዎች ከስድስት ወር በፊት የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና ወስደው ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ፈተናው ሲደገም የቡድኑ አማካይ ርቀት በ21 ሜትር ቀንሶ ተገኘ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ልምምዳቸውን አንድም ሳምንት ሳያቋርጡ የቆዩ ናቸው፤ ስለዚህ ውጤቱን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያየሁት ቅሬታ አብሮኝ ወደ ቤት ሄደ። እኔም ቸኩዬ «ትንሽ ላላ ብላችኋል» ብያቸው ነበር፤ ይህን በማለቴ ዛሬ ከልቤ አዝናለሁ።

ማታ የሁለቱን ጊዜ ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቼ ስመለከት ዓይኔን የያዘው የርቀቱ ቁጥር ሳይሆን ዙር የምቆጥርባቸው ጭረቶች ብዛት ነው። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ 17 ጊዜ የዞረ ሰው በሁለተኛው 34 ጊዜ ዞሯል። የመጀመሪያው ፈተና የተካሄደው በ30 ሜትር መተላለፊያ ሲሆን፣ ሁለተኛው መተላለፊያው ለሌላ ሥራ ተይዞ ስለነበር 15 ሜትር በሆነ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የመስመሩ ርዝመት በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ ቅጹ ላይ ለዚያ የተተወ ቦታ አልነበረም። ስለዚህ የወደቀው የሰዎቹ አቅም ነው ወይስ የመስመሩ ማጠር ነው የሚለውን ራሴ ለክቼ ለማወቅ ወሰንኩ።

ቀን 2

ዛሬ የዋለው በንባብ ነው። ፈተናው በመልኩ ቀላል ነው፤ ተፈታኙ ሳይሮጥ በ6 ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል ይራመዳል፤ የሚመዘገበውም የተጓዘው ሜትር ነው። መነሻው ኬኔዝ ኩፐር በ1968 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለጤነኛ ሰዎች ያቀረበው የ12 ደቂቃ ፈተና ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1976 ሥር በሰደደ ብሮንካይትስ የተያዙ ሰዎችን ለመመዘን ወደ 12 ደቂቃ የእግር ጉዞ ተለወጠ። በ1982 ደግሞ 2፣ 6 እና 12 ደቂቃ ተነጻጽረው 6 ደቂቃው ተፈታኙን ሳያደክም በቂ መረጃ የሚሰጥ ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲ (የሳንባና የመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር) በ2002 ባወጣው መመሪያ መስመሩ 30 ሜትር ሆኖ በየ3 ሜትሩ ምልክት እንዲደረግበት፣ መዞሪያዎቹም በኮን (ወለል ላይ በሚቆም ሾጣጣ ምልክት) እንዲለዩ አዝዟል። ከአውሮፓው አቻ ማኅበር ጋር በ2014 የወጣው የቴክኒክ ደረጃም መስመሩ 30 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ይጠይቃል።

ትእዛዙ ግልጽ ቢሆንም ቢጥሱት ምን ያህል ያዛባል የሚለው ላይ ሁለት የታወቁ ጥናቶች የተለያየ መልስ የሰጡ ይመስላሉ። በ2003 የታተመው፣ ከባድ ኤምፊዚማ (የሳንባ የአየር ከረጢቶች የሚጎዱበት በሽታ) ያለባቸውን ሰዎች በበርካታ የሕክምና ማዕከላት የተከታተለው ጥናት፣ ከ15 ሜትር እስከ 50 ሜትር ባሉ ቀጥተኛ መስመሮች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፤ ነገር ግን ክብ ወይም ሞላላ በሆነ መስመር የተራመዱት በቀጥተኛው ከተራመዱት 28 ሜትር ያህል ይበልጣሉ ብሏል። በ2013 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች በ10 ሜትርም በ30 ሜትርም አራምዶ፣ በ10 ሜትሩ አማካይ ርቀቱ በ49.5 ሜትር እንደሚያንስ አሳይቷል።

ሁለቱን ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ የሚጋጩ አይመስለኝም። የመጀመሪያው በአንዱ ማዕከል የተራመዱ ሰዎችን በሌላው ማዕከል ከተራመዱ ሌሎች ሰዎች ጋር ነው ያነጻጸረው፤ በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር በመሆኑ ከመስመሩ የሚመጣው ጥቂት ሜትር በዚያ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። ሁለተኛው ግን ያንኑ ሰው ከራሱ ጋር ነው ያስተያየው። በተጨማሪም የመጀመሪያው ከ15 ሜትር በታች አልወረደም። የእኔም ጥያቄ ስለ አንድ ሰው ሁለት ውጤቶች ስለሆነ መንገዱ ሁለተኛው ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ሁሉንም ርዝመት ይራመዳል።

ቀን 3

ጠዋት መስመሩን ለክቼ ዋልኩ። አዲስ ምልክት ለማድረግ በመጀመሪያ ያነሣሁት ለዓመታት ከቦርሳዬ ያልተለየውን የጨርቅ ሜትር ነበር፤ ሆኖም በመተላለፊያው ወለል ላይ ቀድሞ ከተቀባው የ30 ሜትር ምልክት ጋር አልገጥም አለኝ። የብረት ሜትር ተውሼ ሁለቱንም ስፈትሽ የወለሉ ምልክት በ2 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሳሳት ሲሆን፣ የጨርቁ ሜትር ግን በመሳብ ብዛት ረዝሞ «30» የሚለው ቁጥሩ 30 ሜትር ከ35 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 18 ጊዜ ለሚመላለስ ሰው ከ6 ሜትር በላይ ያለ ምዝገባ ይጠፋል። ልፈልገው የተነሣሁት ልዩነት ራሱ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ስለሆነ ይህን ስሕተት ዛሬ ማግኘቴ ትልቅ ነገር ነው። የጨርቁን ሜትር ለዚህ ሥራ ዳግመኛ አላነሣውም።

አራት ርዝመቶች መረጥኩ፦ 10፣ 15፣ 20 እና 30 ሜትር። አራቱም በዚያው መተላለፊያ ላይ ናቸው፤ አንዱ ኮን በቦታው ይቆያል፤ የሚነሣው ሌላኛው ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ወለሉም፣ ብርሃኑም፣ የአየሩ ሙቀትም አይለወጥም። ርዝመቱ ከኮን መሐል እስከ ኮን መሐል ይለካል፤ ተፈታኙም ኮኑን በጀርባው ዞሮ ይመለሳል እንጂ ከፊቱ ቆርጦ አይመለስም። ይህን አስቀድሞ መደንገግ ያስፈለገው በአጭር መስመር ላይ ኮኑን ግማሽ ሜትር ቀድሞ የሚመለስ ሰው በእያንዳንዱ ዙር ያልተራመደውን እንደተራመደ ስለሚያስመዘግብ፣ ዙሩም ስለሚበዛ ነው።

ፈቃደኞቹ 8 ናቸው፤ ትንሹ 24 ዓመት፣ ትልቋ 67 ዓመት። ሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ቢራመዱ የመጨረሻው ርዝመት በልምድ ወይም በድካም ምክንያት ሊዛባ ስለሚችል አራት የተለያዩ ቅደም ተከተሎች አዘጋጅቼ እያንዳንዱን ለሁለት ሰው ሰጠሁ።

ቀን 4

ዛሬ የሙከራ ጉዞ ብቻ ነው፤ ውጤቱ አይቆጠርም። ሰው ፈተናውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲወስድ ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚዞር ስለሚያውቅ ርቀቱ ይጨምራል፤ የ2014ቱ ሰነድም በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ እንዲለካ ይጠይቃል፤ የጭማሪውንም አማካይ 26 ሜትር ያህል አድርጎታል። ይህን ጭማሪ አስቀድሜ ካላወጣሁት ከመስመሩ ርዝመት ጋር ተቀላቅሎ ያታልለኛል።

የራሴንም ልማድ ማረም ነበረብኝ። ሰዎቼን ስወዳቸው «በርቱ፣ በርቱ!» ማለት ይቀናኛል፤ ነገር ግን ጉያትና የሥራ ባልደረቦቹ በ1984 ባሳተሙት ጥናት ማበረታቻ ብቻውን ርቀቱን በ30 ሜትር ያህል እንደሚጨምር አሳይተዋል። እንግዲህ በአንዱ ርዝመት ላይ ድምፄ ቢሞቅ የምፈልገው ልዩነት ከድምፄ ይመጣ ነበር። በየደቂቃው መጨረሻ የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ያንኑ በአንድ ዓይነት ድምፅ አነበብኩ፤ ከተፈታኙ ጎንም አልተራመድኩም፤ ምክንያቱም አብሮ የሚሄድ ሰው ሳያውቀው ፍጥነቱን ለተፈታኙ ያጋባል።

ቀን 5 እና 6

ሁለቱ ቀናት አንድ ሥራ ናቸው። እያንዳንዱ ሰው በቀን ሁለት ርዝመት ተራመደ፤ በመካከሉ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቁጭ ብሎ አርፎ የልብ ምቱ ወደ መነሻው መመለሱ ተረጋገጠ። በአጠቃላይ 32 ጉዞዎች ያለ ችግር ተጠናቀቁ፤ አንዱ ብቻ የጫማ ማሰሪያ ተፈትቶ ስለተቋረጠ ከእረፍት በኋላ እንደገና ተካሄደ።

በ10 ሜትሩ ላይ የሰዎቹን እግር መመልከት ብቻውን ብዙ ያስተምራል። ወደ ኮኑ ሲቀርቡ ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ርምጃቸው ያጥራል፤ ከዚያ ውጭኛው እግር ወለሉን ገፍቶ ሰውነት ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ ዞረው ሲወጡ ደግሞ ወደ ቀድሞ ፍጥነታቸው ለመመለስ ሦስት እርምጃ ያህል ይፈጅባቸዋል። በ30 ሜትር መስመር ላይ ይህ ሁሉ በረጅሙ ቀጥታ ጉዞ ውስጥ ይሸፈናል። በ10 ሜትሩ ግን በሙሉ ፍጥነት የሚሄዱበት ቦታ ከመስመሩ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። የ67 ዓመቷ እናት ከ10 ሜትሩ ጉዞ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ልጄ፣ ገና እግሬ ሲፈታ ኮኑ ይመጣብኛል» አሉኝ። ወዲያውኑ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ ምክንያቱም ከዚህ የተሻለ መግለጫ በየትኛውም ጽሑፍ ላይ አላገኘሁም።

ቀን 7

ውጤቶቹን ደመርኩ። የ8ቱ ሰዎች አማካይ ርቀት በ30 ሜትር መስመር 536 ሜትር፣ በ20 ሜትር 527፣ በ15 ሜትር 511፣ በ10 ሜትር 492 ሜትር ሆነ። በ30ው እና በ10ሩ መካከል ያለው ልዩነት 44 ሜትር ነው፤ ከ8ቱ አንድም ሰው በ10 ሜትሩ ላይ የበለጠ አልሄደም። ስምንት ሰው ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ፤ በዚህም የተነሣ የ20 ሜትሩን 9 ሜትር ልዩነት ብቻውን ብዙ አልመካበትም። አቅጣጫው ግን ሳይዛነፍ ወደ አንድ ወገን ነው።

ርቀቱን ትቼ መዞሮቹን ስቆጥር ነገሩ ጠራልኝ። 536 ሜትር በ30 ሜትር መስመር ላይ 17 ጊዜ መዞርን ይጠይቃል፤ 492 ሜትር በ10 ሜትር መስመር ላይ 49 ጊዜ። 32 ተጨማሪ መዞር 44 ሜትር ከበላ እያንዳንዱ መዞር 1.4 ሜትር ገደማ ይበላል ማለት ነው። ይህን ወስጄ በየርዝመቱ የጠፋውን መልሼ ስደምር አራቱም ወደ 560 ሜትር አካባቢ ይመጣሉ፦ በ30ው 560፣ በ20ው 563፣ በ15ቱ 559፣ በ10ሩ 561። ይህ 560 ሰዎቹ ጨርሶ ሳይዞሩ ቢራመዱ ሊደርሱበት የሚችሉት ርቀት ነው ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ 30 ሜትሩም ቢሆን ከመዞር ነጻ አይደለም፤ ሁሌም ተመሳሳይ ያህል ስለሚቀንስ ብቻ ነው ለንጽጽር የሚመቸው።

ይህ ሒሳብ ሌላም ነገር ያሳያል። የመዞሩ ብዛት ከርዝመቱ ጋር በተቃራኒ ስለሚሄድ ከ30 ወደ 20 ሜትር ማሳጠር የሚያመጣው ጉዳት ከ20 ወደ 10 ማሳጠር ከሚያመጣው እጅግ ያነሰ ነው። 30 ሜትር ቦታ ያጣ ሰው 25 ሜትር ቢጠቀም ብዙ አያጣም፤ 10 ሜትር ላይ ቢወርድ ግን ብዙ ያጣል።

ቀን 8

1.4 ሜትር የሚለው አማካይ ለሁሉም ይሠራ እንደሆነ ለማየት ዛሬ ቪዲዮ ተጠቀምኩ። ከኮኑ 2 ሜትር ርቀት ላይ በወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፌ፣ ስልኬን በወገብ ከፍታ በጎን በኩል አስቀምጬ፣ ተፈታኙ ፕላስተሩን አልፎ ኮኑን ዞሮ እንደገና ፕላስተሩን እስኪያልፍ ድረስ ያለውን ፍሬም በፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸውን ነጠላ ምስሎች አንድ በአንድ) ቆጠርኩ። ስልኩ በሰከንድ 30 ፍሬም ይቀርጻል። ያንኑ 4 ሜትር በመስመሩ መካከል በቀጥታ ሲራመዱ የሚፈጀውንም እንዲሁ ቆጥሬ አነጻጸርኩ።

የ24 ዓመቱ ወጣት ቀጥታውን በ65 ፍሬም፣ መዞሩን በ80 ፍሬም አለፈ፤ ልዩነቱ 15 ፍሬም፣ ማለትም ግማሽ ሰከንድ ነው። የ67 ዓመቷ እናት ቀጥታውን በ92 ፍሬም፣ መዞሩን ግን በ134 ፍሬም አለፉ፤ ልዩነቱ 42 ፍሬም፣ ማለትም 1.4 ሰከንድ ነው። ቪዲዮውን በዝግታ ሳጫውተው ምክንያቱ ይታያል፤ ወጣቱ በሁለት እርምጃ ተሽከርክሮ ሲወጣ፣ እሳቸው ጉልበታቸውን እየጠበቁ በአራትና በአምስት ትንንሽ እርምጃ ይዞራሉ፤ ለቅጽበትም ከኮኑ ጎን የቆሙ ይመስላሉ።

ከዚህ ጋር የርቀት ውጤታቸውን ሳስተያይ በትክክል ገጠመ። ወጣቱ በ30 ሜትሩ 646፣ በ10 ሜትሩ 610 ሜትር ሄዷል፤ 36 ሜትር አጥቷል፤ ይህም ከ6 በመቶ በታች ነው። እናቲቱ ከ441 ወደ 396 ወርደዋል፤ 45 ሜትር፣ ከ10 በመቶ በላይ አጥተዋል። ትናንት «የ10 ሜትርን ውጤት በአንድ ቁጥር አባዝቶ ወደ 30 ሜትር መመለስ ይቻላል» ብዬ አስቤ ነበር፤ ዛሬ ያንን ሐሳብ ትቼዋለሁ። ማባዣው ለወጣቱ ቢስማማ ለእናቲቱ ይጎድላል፤ ለእሳቸው ቢስማማ ለወጣቱ ይበዛል። ደግሞም አጭሩ መስመር የሚመዝነው ነገር ራሱ በከፊል ይለወጣል፤ 39 ጊዜ የሚዞሩ ሰው የሚፈተኑት ልባቸውና ሳንባቸው ብቻ ሳይሆን ጉልበታቸውና ሚዛን መጠበቃቸውም ነው።

ቀን 9

ዛሬ አንድ ሰው ሊሄድ የሚጠበቅበትን ርቀት በሚያሰሉ ቀመሮች ላይ ጥቂት ሠራሁ፤ ምክንያቱም ብዙ አሠልጣኞች ውጤትን «ከሚጠበቀው ስንት በመቶ» ብለው ነው የሚያቀርቡት። ኢንራይትና ሸሪል በ1998 ባሳተሙት ቀመር መሠረት የአንዲት ሴት የሚጠበቅ ርቀት የሚገኘው ቁመቷን በሴንቲ ሜትር በ2.11 አባዝቶ፣ ክብደቷን በኪሎ ግራም በ2.29፣ ዕድሜዋንም በ5.78 አባዝቶ ከዚያ በመቀነስ፣ በመጨረሻም 667 በመጨመር ነው። ለ67 ዓመቷ፣ ቁመታቸው 156 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው 70 ኪሎ ለሆነው እናት 449 ሜትር ይመጣል። በ30 ሜትር መስመር ውጤታቸው ከሚጠበቀው 98 በመቶ ነው፤ በ10 ሜትሩ 88 በመቶ። ሴትየዋ አንድ ናቸው፤ ሳምንቱም አንድ ነው። ቀመሩ የተሠራው 30 ሜትር ያህል በሆነ መተላለፊያ ከተራመዱ ሰዎች ስለሆነ በ10 ሜትር ውጤት ላይ ሲጫን ጤነኛውን ሰው ደካማ ያስመስለዋል።

ከዚህም ጋር የሚያሳስበኝ ሌላ ቁጥር አለ። የ2014ቱ ሰነድ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች ትርጉም ያለው ለውጥ የሚባለውን 30 ሜትር ያህል አድርጎታል። መስመሩን ከ30 ወደ 10 ሜትር ማሳጠር ብቻውን ከዚህ በላይ ያመጣል። ሰውየው ሳይሻለው የተሻለው፣ ሳይብስበትም የባሰበት ተደርጎ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው።

አጭር መስመር ሁልጊዜ ስሕተት ነው እያልኩ ግን አይደለም። በ1992 የቀረበው የሹትል (የመመላለስ) የእግር ጉዞ ፈተና ሆን ተብሎ በ10 ሜትር የሚካሄድ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የድምፅ ምልክት ሲሆን የማነጻጸሪያ ቁጥሮቹም በዚያው ርዝመት የተሠሩ ናቸው። ለአረጋውያን የተዘጋጀው የሪክሊና የጆንስ የአካል ብቃት ፈተና ደግሞ በ45.7 ሜትር አራት ማዕዘን ዙሪያ ያራምዳል። እያንዳንዱ በራሱ ሠንጠረዥ ትክክል ነው፤ የአንዱን ርቀት በሌላው ሠንጠረዥ ማንበብ ነው የማይቻለው። ከሰዓት በኋላ ሦስት ፈቃደኞችን በዚሁ በ45.7 ሜትሩ ዙሪያ አራመድኳቸው፤ ሦስቱም ከ30 ሜትር ቀጥታ ውጤታቸው በ14፣ በ19 እና በ23 ሜትር በለጡ። የሩብ ዙር መታጠፍ የእግርን ጉዞ ያዘገየዋል እንጂ እንደ ሙሉው አያቆመውም።

ቀን 10

አዲስ ቅጽ አዘጋጀሁ። ከርቀቱ ሳጥን ጎን ሌሎች ሳጥኖች ገብተዋል፦ የመስመሩ ርዝመት፣ ቅርጹ ቀጥታ ወይም ዙሪያ፣ የመዞር ብዛት፣ የተለካበት ሜትር፣ እና ስንተኛ ፈተና እንደሆነ። ርዝመቱ ካልተሞላ ርቀቱ አይጻፍም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለስኩ። ከ30 ወደ 15 ሜትር በመውረድ ብቻ የእኔ 8 ሰዎች በአማካይ 25 ሜትር አጥተዋል፤ ቡድኑ ግን የቀነሰው 21 ሜትር ነው። 8ቱ ፈቃደኞችና 23ቱ የቡድኑ አባላት አንድ ስብስብ ስላልሆኑ ቡድኑ ተሻሽሏል ብዬ አልጽፍም፤ ቀንሷል ያልኩትን ግን ሰርዣለሁ። ዛሬ ማታ 23ቱንም ሰብስቤ ሁለቱን ወረቀቶች አሳየኋቸው፤ ላላ ብላችኋል ስላልኳቸውም ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም በ30 ሜትሩ እንደገና እንዲራመዱ ተስማማን።

የ67 ዓመቷ እናት ካርዳቸውን ይዘው ቀርበው ነበር። ከስድስት ወር በፊት 438፣ በአዳራሹ ፈተና 416 ተብሎ ተጽፎባቸዋል። በ416ቱ ላይ «15 ሜትር» ብዬ ከጎኑ ጻፍኩ፤ በ438ቱ ላይ «30 ሜትር»፤ ከሥሩም በዚህ ሳምንት የተራመዱትን ጨመርኩ፦ 441 ሜትር፣ ቀጥታ መስመር፣ 30 ሜትር፣ 14 መዞር።